ምስል፣ ሥዕል ወይስ ክታብ? ከቡድሂስት አገሮች አንድ ነገር ይዞ ለሚመለስ

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ከኔፓል ደወለችልኝ። ለሥልጠና ሄዳ የቀራት ሦስት ቀን ነው። ከካትማንዱ አጠገብ ባለችው በፓታን ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆማ ነው የምታወራኝ። ከፊቷ ስንዝር ተኩል የምትሆን፣ በወርቅ የተለበጠች የመዳብ ምስል አለች። ግድግዳው ላይ ደግሞ ዙሪያው በሐር የተከፈፈ ሥዕል ተሰቅሏል። «ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ላምጣ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ በአንድ ስልክ የሚያልቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ ስለነዚህ ነገሮች ከተጠየቅሁ ማቆሚያ የለኝም። ያን ቀን የነገርኳትንም፣ ባትሪዋ አልቆ ሳልነግራት የቀረሁትንም እዚህ አስቀምጫለሁ። ባንኮክ ለሕክምና፣ ጓንጁ ለንግድ፣ ቶኪዮ ለትምህርት የምትሄዱም ትጠቀሙበታላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ቡድሃ» ብዬ የምጽፈውም አውቄ ነው፤ «ቡዳ» እኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው።

ዕቃው ጌጥ አይደለም

ከዋጋና ከውበት በፊት ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ታይላንድ ውስጥ ሰው ክታብ «ገዛሁ» አይልም፤ «ተከራየሁ» ይላል። ቻይና ውስጥም የቡድሃ ምስል ወደ ቤት «ይጋበዛል» እንጂ ተገዛ አይባልም። ምስሉ ከባለሙያው እጅ ሲወጣ ገና መዳብ ነው፣ ሸክላ ነው፣ ጨርቅ ነው። የሚቀደሰው በኋላ ነው። ኔፓልና ቲቤት ውስጥ የብረቱ ምስል ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሠራል። ጸሎት የተጻፈባቸው ጥቅል ወረቀቶች፣ እህልና መዓዛ ያላቸው ዕፅዋት ይገቡበትና ታቹ በመዳብ ሰሌዳ ይታሸጋል። ስሪላንካ ውስጥ የመጨረሻው ሥራ ዓይን መሳል ነው። ሠዓሊው የምስሉን ፊት በቀጥታ አያይም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመስታወት እያየ ብሌኑን ይስላል። ቻይናውያን የራሳቸውን ሥርዓት «ብርሃን መክፈት» ይሉታል።

ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሥዕለ አድኅኖም ተባርኮ ቅብዓ ሜሮን እስኪቀባ ድረስ ሥዕል ብቻ ነው።

ስለዚህ የእምነቱ ተከታይ ካልሆናችሁ ያልተቀደሰውን፣ በቀጥታ ከሠሪው ውሰዱ። የምታከብሩት የሰውየውን እጅና ጥበብ ነው፤ በዚያም ማንም አይቀየማችሁም። ቤት ስታደርሱት ከፍ ያለ ቦታ ስጡት። መታጠቢያ ቤት፣ ጫማ መደርደሪያ አጠገብ፣ መጠጥ የሚቀዳበት ባንኮኒ ላይ አይሆንም። አንዳንድ አገር ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ስሪላንካ አንዲት እንግሊዛዊት ቱሪስት ክንዷ ላይ ባለ የቡድሃ ንቅሳት ምክንያት ከአገር አስወጥታለች። በ2015 ደግሞ ምያንማር ውስጥ፣ ያንጎን ከተማ፣ ቡድሃን የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚያሳይ የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ ሦስት ሰዎችን ለእስር ዳርጓል።

ቤታቸው የሰው ምስል እንዲገባ የማይፈልጉ አንባቢዎችም አሉ። ለእናንተም መንገድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ቡድሃን በሰው መልክ ማሳየት አልተለመደም ነበር። ሕንድ ውስጥ በሳንቺ የድንጋይ በሮች ላይ የምናየው መንኮራኩር፣ የእግር ዱካ፣ ባዶ ዙፋንና ዛፍ ነው። የሰው መልኩ የተስፋፋው ከ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ በዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ በነበረችው በጋንዳራና በሕንዷ በማቱራ ነው። መንኮራኩር ወይም የቦዲ ዛፍ (ቡድሃ ሥሩ ተቀምጦ ብርሃን ያገኘበት ዛፍ) ቅጠል ያለበትን ሥራ ብትመርጡ የያዛችሁት የቆየውን ምልክት ነው።

የፓታን ምስል፦ ሰምና ወርቅ

«ሰምና ወርቅ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ቅኔ ነው። ቃሉ ግን የወጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። ፓታን ላይ ያ ቤት ዛሬም ክፍት ነው።

ሠሪዎቹ ኔዋር የሚባሉት የካትማንዱ ሸለቆ ሕዝብ ናቸው። ከነሱም በተለይ ሻክያ የሚባሉት ቤተሰቦች ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት ኖረዋል። መጀመሪያ ምስሉ ከዛፍ ሙጫ ጋር በተቀላቀለ ሰም ይቀረጻል። ጣቱ፣ አክሊሉ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ በሰም ያልቃል። ከዚያ ከከብት እበትና ከሩዝ ገለባ ጋር በተቦካ ጭቃ ይለበጣል። ሲደርቅ እሳት ላይ ይወጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በቦታው የቀለጠ መዳብ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ሰሙም የለ፣ ጭቃውም የለ፤ የቀረው አንድ ምስል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ረጅሙ ሥራ የሚጀምረው። ሌላ ባለሙያ በመዶሻና በስል ብረት ጥቃቅኑን ቅርጽ ለሳምንታት፣ ለትልቁ ሥራ ለወራት ያወጣዋል።

ወርቁ የሚለበጠው በእሳት ነው። ወርቅ ከሜርኩሪ ጋር ተዋሕዶ ይቀባል፤ ሲሞቅ ሜርኩሪው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ መዳቡን ይዞ ይቀራል። ቀለሙ ለስላሳና ጥልቅ ነው። የሜርኩሪው ትነት ግን መርዝ ነው፤ የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ናቸው። እዚያ ከደረሳችሁ ሥራው የት እንደሚሠራ፣ ሰዎቹ መከላከያ እንዳላቸው ጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገንዘብ አላወጣም።

የነዚህ ሰዎች ስም ጥንትም ሩቅ ሄዷል። አርኒኮ የሚባል ወጣት በ1260 ገደማ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ባለሙያዎች መርቶ ወደ ቲቤት ሄደ። ከዚያ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሞንጎሉ ንጉሥ የኩብላይ ካን ቤተ መንግሥት ገባ። ቤጂንግ ውስጥ ዛሬም የቆመው ትልቁ ነጭ ስቱፓ (ጉልላት መሰል የቡድሂስት መቅደስ) የሱ ሥራ ነው፤ የተጠናቀቀው በ1279 ነው።

ምስሉን ስትመርጡ ፊቱን መጨረሻ እዩ። ፊት ያታልላል። መጀመሪያ ጀርባውን አዙሩት፤ ጥሩ ሠሪ የማይታየውንም ጎን ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ጣቶቹን እዩ። ተለያይተዋል ወይስ እንደ ማበጠሪያ ተጣብቀዋል? ጥፍር ይታያል? ከዚያ የልብሱን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ። ርካሾቹ በጎማ ቅርጽ የተባዙ ናስ ናቸው፤ ጠርዛቸው የደነዘዘ ነው። ከዚያም ወርደው በድንጋይ ዱቄትና በሙጫ የሚሠሩ አሉ። እነሱ ሲነኩ አይቀዘቅዙም፣ ለመጠናቸውም ይቀላሉ። ወርቁ በእሳት ነው ወይስ በኤሌክትሪክ ነክር? ሁለተኛው ስስ ነው፤ ዋጋውም እጅግ መውረድ አለበት። ታቹ የታሸገ ከሆነ ግን እንዳትከፍቱት። ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ጸሎት ነው።

ታንግካ፦ የሚጠቀለለው ሥዕል

ታንግካ የቲቤት ጥቅል ሥዕል ነው። መነኮሳትና ዘላኖች ከቦታ ቦታ ይዘውት እንዲሄዱ የተመቸ ቤተ መቅደስ በሉት። ኔፓል ውስጥ በካትማንዱ ቦውዳ ሰፈርና በባክታፑር ከተማ ይሠራል። ቻይና ውስጥ ቺንግሃይ ክፍለ አገር ያለው የሬቦንግ ጥበብ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ሕንድ ውስጥ ዳራምሳላ የተሰደዱ ቲቤታውያን ያስተምሩታል።

የጥጥ ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ኖራ መሰል ነጭ አፈር ከቆዳ ሙጫ ጋር ይቀባል፤ ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያንጸባርቅ ይፈገፈጋል። ሠዓሊው የፈለገውን አይስልም። የእያንዳንዱ አካል ልክ ተወስኖ የተሰጠ ስለሆነ መጀመሪያ መስመር ያሰምራል። ጥሩ ሥራ ላይ ሰማያዊው ከአዙራይት፣ አረንጓዴው ከማላካይት፣ ቀዩ ከሲናባር ድንጋይ የተፈጨ ነው። ወርቁ ተቀብቶ በጠንካራ ድንጋይ ይወለወላል። ብዙ ጊዜ ሰማዩንና ተራራውን ተማሪ፣ ፊቱን መምህር ይሠራል። ዓይን የሚከፈተው በመጨረሻ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ታንግካዬን የገዛሁት አንድ የቱሪስት ሱቅ ውስጥ ነበር። ሻጩ «ሦስት ወር የፈጀ» አለኝ፤ አመንኩት። ቤት መጥቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ሰማያዊው ሁሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። ታትሞ ላዩ ላይ ወርቅ ብቻ በእጅ ተነካክቷል። በጣም አዘንኩ። ያዘንኩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ያ ገንዘብ ዓይኑን እያደከመ ለሚሠራ አንድ ሠዓሊ መድረስ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ማጉያ መነጽር ከኪሴ አይለይም። እናንተም ያዙ። የሚታየው የብሩሽ መስመር ነው ወይስ ነጠብጣብ? መስመሩ ሲጀምር ቀጥኖ፣ መሃል ላይ ወፍሮ፣ ሲያልቅ ይሾላል? የዐይን ሽፋኑን፣ የከንፈሩን ጠርዝ፣ የደመናውን ቀለም ሽግግር እዩ። የተቻኮለ ሠዓሊ ደመናው ላይ ይጋለጣል። ከኋላ በኩል በግንባሩ፣ በጉሮሮውና በልቡ አቅጣጫ ሦስት የቲቤት ፊደላት ተጽፈው ካያችሁ ሥዕሉ የጸሎት ሥርዓት የተፈጸመበት ነው፤ በዚያው ልክ ያዙት።

የማንን ሥዕል? ለጀማሪ ቀኝ እጁን ወደ መሬት የዘረጋው ቡድሃ ይበቃል። ሕንድ ውስጥ ቦድጋያ ላይ ብርሃን ባገኘ ጊዜ ምድርን ምስክር የጠራበት ምልክት ነው። ነጯ ታራ ቲቤታውያን ረጅም ዕድሜ የሚለምኗት በሴት መልክ የምትሣል ቅድስት ናት፤ ፊቷ ላይ ሦስት፣ በመዳፎቿና በእግሮቿ ውስጥ አራት፣ በድምሩ ሰባት ዓይን አላት። ሠዓሊው ስድስት ብቻ ሠርቶ ከሆነ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። ለታመመ ሰው የመድኃኒቱ ቡድሃ ይመረጣል፤ ሰውነቱ ሰማያዊ ነው። ጥርሳቸውን ያገጠጡት፣ እሳት የከበባቸው አስፈሪዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ጠባቂዎች ናቸው። ግን ብዙዎቹ ከልዩ ትምህርትና ፈቃድ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ለሳሎን ባይወሰዱ ደስ ይለኛል።

ከሁለቱስ?

ለጓደኛዬ ያልኳት ይህን ነው። ከዚህ በፊት ገዝታችሁ የማታውቁ ከሆነ ትንሽ ታንግካ ይሻላል። ማጭበርበሩ በማጉያ መነጽር ይያዛል። የምስሉን ወርቅ ጥራት ግን ዓይኑ ያልለመደ ሰው አይለየውም። በመካከለኛ ገንዘብ ጥሩ ትንሽ ሥዕል ይገኛል፤ በዚያው ገንዘብ የሚገኘው ምስል ግን ብዙ ጊዜ የተባዛ ነው። ሥዕሉ ይጠቀለላል፣ አይከብድም።

ቤታችሁ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት፣ ጭስ የሚበዛበት ወይም ግድግዳው የሚረጥብ ከሆነ ግን ምስሉን ምረጡ። ታንግካ ፀሐይና እርጥበት አይችልም። እንደ ዱባይና ጅዳ ያለ ባሕር ዳር የምትኖሩም ይህን አስቡበት። መዳብ የልጅ እጅም ይችላል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ታንግካ ሰቅሎ እንቅልፍ የለም።

ሁለቱም ጋ አንድ ወረቀት አትርሱ። ኔፓል ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ እንዳይወጣ ትከለክላለች። አዲሱም አሮጌ ስለሚመስል ከአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ጥሩ ሻጭ ይህን ራሱ ይጨርስላችኋል፤ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ብቻ ተዉለት። ጠዋት ገዝቶ ማታ የሚበር ሰው ነው ኤርፖርት ላይ የሚቸገረው።

ክታብ ከባንኮክ

የታይ ክታብ እኛ ከምናውቀው ይለያል። በቆዳ የተሰፋ ጽሑፍ አይደለም። አውራ ጣት የምታህል የቡድሃ ምስል ያለባት ጠፍጣፋ ቁራጭ ናት። ከኖራ፣ ከአበባ፣ ከሩዝ፣ ከዕጣን አመድ ተለውሳ ትጋገራለች፤ ወይም ከብረት ትሠራለች። መነኮሳት ይጸልዩባታል። ሹፌሩም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም አንገቱ ላይ ያስራታል።

ባንኮክ ውስጥ ታ ፕራ ቻን የሚባለው ገበያ ብትሄዱ ጎልማሶች ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ ተክለው፣ ትንሿን ቁራጭ እያገላበጡ ሲከራከሩ ታያላችሁ። እጅግ የሚፈለገው በሶምዴት ቶ ስም የሚጠራው ነው። ሶምዴት ቶ ከ1788 እስከ 1872 የኖሩ መነኩሴ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የዋት ራካንግ ገዳም አለቃ ነበሩ። የሳቸው ነው የተባለ ክታብ በሚሊዮን ባት (የታይ ገንዘብ) ይሸጣል። ለዚህም ነው አስመስሎ የተሠራው ከእውነተኛው እጅግ የበዛው። እዚያ ገበያ «የድሮ ነው» የተባላችሁትን አትንኩ። ዕድሜውን በሙሉ ያጠናው ሰው የሚሳሳትበትን እኛ በአንድ ከሰዓት አንለየውም።

ወደ ገዳሙ ራሱ መሄድ ይሻላል። ብዙ ገዳማት አዲስ የተሠሩትን በትንሽ ስጦታ ይሰጣሉ። የት እንደተሠራ፣ ማን እንደጸለየበት ታውቃላችሁ። ሴቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መነኩሴ በቀጥታ ከሴት እጅ አይቀበልም፣ በእጅም አይሰጥም። ጨርቅ ዘርግቶ ያስቀምጥላችኋል፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ።

ለስጦታ የሚሆን ደስ የሚል ነገርም አላቸው። ታዮች ለእያንዳንዱ የሳምንት ቀን የተለየ የቡድሃ አቀማመጥ አላቸው። ማክሰኞ የተወለደ የተጋደመውን፣ ሐሙስ የተወለደ በተመስጦ የተቀመጠውን፣ ቅዳሜ የተወለደ እባብ ከላዩ የጋረደለትን ይይዛል። ረቡዕ ብቻ ቀንና ሌሊቱ ሁለት ነው። ወዳጃችሁ የተወለደበትን ቀን ጠይቃችሁ ብትወስዱለት አስባችሁበት እንደመረጣችሁ ይገባዋል።

ለንግድ ብላችሁ ግን አትያዙ። በ2007 ጃቱካም የሚባል ክብ ክታብ መላውን አገር አሳብዶ ነበር። ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ከአገር ስትወጡም አንገት ላይ የሚታሰረው ትንሹ ችግር የለበትም። የቡድሃ ምስል ግን የሥነ ጥበብ መምሪያውን ፈቃድ ይፈልጋል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ቻይና ለሚመላለስ፣ በፉጂያን ክፍለ አገር የደሁዋ ነጭ ሸክላ አለ። ከሱም የጓንይን ምስል ይታወቃል። ጓንይን የርኅራኄ ባለቤት ናት። ከሕንድ ስትመጣ በወንድ መልክ ነበር፤ ቻይና ውስጥ ቀስ በቀስ የሴት መልክ ያዘች። ነጩ ወተት ይመስላል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጣቶቿ ግን በሻንጣ አይተርፉም፤ በእጅ የምትይዙት ከሆነ ብቻ ውሰዱ። ጓንጁ ገበያ ላይ የሚበዛው ሆዳሙና ሳቂታው ደግሞ ታሪካዊው ቡድሃ አይደለም። ቡዳይ የሚባል የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ ነው፤ ወደፊት የሚመጣው ቡድሃ ነው ብለው ያምኑበታል። ለሰው ስትሰጡ ይህን ንገሩት።

ጃፓን ከሆናችሁ ደግሞ ከሁሉም የምወደው ትንሽ ነገር አለ፦ ጎሹይን። ባዶ ደብተር ትገዛላችሁ። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጸልያችሁ ወይም በአክብሮት ቆማችሁ ስትወጡ፣ አንድ ሰው ፊታችሁ በብሩሽ የቦታውን ስምና ቀኑን ጽፎ ቀይ ማኅተም ያደርግበታል። ከ300 እስከ 500 የን ነው። ጥንት በእጅ የተገለበጠ ቅዱስ ጽሑፍ ለቤተ መቅደስ ላስረከበ ሰው የሚሰጥ ማረጋገጫ ነበር። ሐሰተኛ የለውም፣ የተሰረቀ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ምስል የለበትም። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያም እዚያው በየቤተ መቅደሱ ይገኛል።

«ሰባት ብረት ያለው የጥንት የቲቤት የድምፅ ሳህን» የሚሏችሁን ግን በዚያ ስም አትግዙ። አብዛኞቹ መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀለባቸው ነሐስ ናቸው፤ ዝናቸውም ምዕራባውያን ከ1970ዎቹ ወዲህ የፈጠሩት ነው። ድምፁን ከወደዳችሁት ለድምፁ ግዙት፤ በእጅ የተቀጠቀጠውን መዶሻው በተወው ጠባሳ ትለዩታላችሁ።

«አሮጌ ነው» ካሏችሁ ውጡ

እዚህ ላይ አላመነታም። ኔፓል ውስጥ በተለይ ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰዎች ጠዋት የሚሳለሙት ምስል ማታ ተነቅሎ ጠፍቷል። በ2022 ኒው ዮርክ የነበረው የሩቢን ሙዚየም የተሰረቁ ሁለት የእንጨት ቅርጾችን ለኔፓል መልሷል። በ2023 መጨረሻ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም 14 ቅርጾችን ለካምቦዲያ፣ 2 ለታይላንድ እንደሚመልስ አስታውቋል። ከነሱ መካከል የቡድሃ ራስ አለ። ራስ ብቻውን የት ይበቅላል? አንድ ሰው ከአንገቱ ቆርጦታል። የአክሱም ሐውልት ሲመለስ አየር ማረፊያ የሄደውን ሕዝብ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

አዲስ ግዙ። የሠራውን ሰው ስሙን ጠይቁ። ቢፈቅድ ሲሠራ አይታችሁት ውሰዱ።

ጓደኛዬ በማግስቱ መልሳ ደወለች። ሱቁን ትታ ቦውዳ ሄዳለች። አንድ ሠዓሊ ቤት ነጯን ታራ አገኘች፤ ከመጽሐፍ ትንሽ የምትበልጥ ናት። ግን አላለቀችም፤ ዓይኖቿ ገና ነበሩ። «ሁለት ቀን ጠብቂኝ» አላት። በረራዋ ሦስተኛው ቀን ማታ ነበር። ጠበቀችው።